አሥራ አራቱ መስመሮች

ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ፣ የካቲት አሥራ ሁለት ቀን ረፋድ ላይ ከአሰገደች የእንግዳ ማረፊያ ሃያ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ብር በካርድ ወጥቷል። ያወጣችውም የማረፊያው ገንዘብ ያዥ ኡሙሀኒ ናት።

ኡሙሀኒ እንደምትለው ከሆነ፣ የካቲት አሥራ ሁለት ቀን ረፋድ ላይ ሃያ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ብር በካርድ ገብቷል። የከፈለውም ኢንዱስትሪ ፓርኩን ሊያይ መጥቶ ክፍል ስምንት አራት ሌሊት ያደረ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ስሙን ደብተሯ ላይ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ አስደግማዋለች።

የሒሳብ ሠራተኛው ኣንዶም ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ያያቸዋል። በቀኙ እሱ ራሱ ከኮምፒዩተር አትሞ የፈረመበት ሪፖርት፣ በግራው ኡሙሀኒ በእጇ የጻፈችው ደብተር። ቀኑ አንድ ነው፤ ብሩም እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው። አንዱ ወጣ ይላል፣ ሌላው ገባ ይላል። እንዲህ ያለው መስመር አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእጅ ስህተት ተብሎ በታለፈ ነበር። ግን ከጥር እስከ ሰኔ አሥራ አራት ነው። ሲደመር ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር።

ቢሮ የሚላት መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ፣ ከብረት በር ሠሪዎች በላይ የተከራያት አንዲት ክፍል ናት። ከሥር ብረት ሲቆረጥ ወለሉ ይንዘፈዘፋል። የስድስት ትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ የሚሠራው እዚህ ነው። ዛሬ ዓርብ ጠዋት ግን ከፊቱ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች የድርጅት ባለቤቶች አይደሉም። አንዷ ራሷ ኡሙሀኒ ናት። ሌላው ዋሷ ይማም ነው፤ እንደ እሷ ከወሎ መጥቶ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው። ከስድስት ዓመት በፊት ገንዘብ ያዥ ሆና ስትቀጠር የሱቁን ንግድ ፈቃድ አስይዞ የፈረመላት እሱ ነበር።

«እኔ እኮ» አለ ይማም፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ «ለራሴም ዋስ ሆኜ አላውቅም። ሚስቴ ብድር ስትጠይቀኝ እንኳ ሌላ ሰው ጥሪ ነው የምላት። ለዚህች ልጅ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ፈረምኩ።»

«አሁን ግለጠው እንግዲህ» አለችው ኡሙሀኒ።

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም።

«ደረሰኞቹስ?» ሲል ጠየቀ ኣንዶም። «የካርድ ማሽኑ የሚያወጣቸው ትንንሾቹ ወረቀቶች።»

ኡሙሀኒ ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሰረ ጥቅል አውጥታ አቀበለችው። ፈታው። አሥራ አራት ወረቀት ነበር፣ አንድም አልጎደለም። ሁሉም ግን ነጭ ነው። ፊትና ጀርባውን እያገላበጠ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። እንደ ጥላ የቀረ የአንድ ሰባት ቁጥር ጭራ ብቻ ታየው።

«መስኮቱ ሥር ነበር የማስቀምጣቸው» አለች። «ፀሐይ በላቸው። ማተሚያው ቀለም የለውም ለካ፣ በሙቀት ነው የሚጽፈው። ማን ነገረኝ?»

ኣንዶም ወረቀቶቹን መልሶ አሰራቸው። ባለፈው ማክሰኞ የሆነው ነገር ከልቡ አልወጣም። ሪፖርቱን ይዞ ሓወልቲ ሰፈር ወደሚገኘው ማረፊያ ሲሄድ ባለማረፊያዋ ወይዘሮ አሰገደች ገበያ ወጥተው ነበርና የተቀበለው ዓወት ነው። ዓወት የሟች ባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው፤ የባንኩንም፣ የግብሩንም፣ የውጭውን ጉዳይ ሁሉ የሚጨርሰው እሱ ነው። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ በአሥራ አራቱ መስመሮች ላይ ጣቱን አሳረፈና «ይሄ ምንድን ነው?» አለው። ኣንዶምም ብዙ ሳያስብ «ለእንግዶች የተመለሰ ገንዘብ ይመስላል» ብሎ መለሰ። በቃ። «ይመስላል» የምትለዋ ቃል ግን እስከ ሐሙስ አልዘለቀችም። ሐሙስ ማረፊያው ውስጥ፣ ከአልጋ አንጣፊ እስከ ዘበኛ፣ የሚወራው ኡሙሀኒ በእንግዶች ስም አሥራ አራት ጊዜ ገንዘብ መልሳ ለራሷ ወሰደች የሚል ነበር። ዓወት ከሥራ አገዳት። እስከ ሰኞ ጠዋት ጥፋቷን አምና ካልፈረመች፣ ይማምም መክፈል ካልጀመረ፣ ወረቀቱን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚሄድ ተናገረ።

«ኣንዶም» አለች ኡሙሀኒ። «መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት ሁሉም ወደየአገሩ ሲል እኔ አልሄድኩም። የባዶ ሳጥን ቁልፍ ሰጥተውኝ ባዶ ሳጥን ጠበቅኩ። ሲሞላ ልሰርቀው ነው?»

ኣንዶም ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ።

«አንተ የሰረቅኩ አልመሰለህም አይደል?» ስትል ቀጠለች። «እንዳየሁህ አንተም እያመነታህ ነው። ሰኞ ጣቢያ ስገባ ግን ማንም አያመነታም። ከየት ነሽ ይሉኛል፣ ከወሎ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ማን ያነበዋል?»

ይማም ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «ግን ጊዜው እንዲህ ነው።»

«ደብተሩን ለአንድ ቀን ተዉልኝ» አላቸው ኣንዶም።

ሲወጡ ከሥር ብረት ቆራጩ ቆመ፤ ኣንዶም የደረጃውን ድምፅ እስከ ታች ሰማው።

ብቻውን ሲቀር በመጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ ቀላል ነበር፣ ማክሰኞ ለምን እንዳልመጣለት ግን ሊገባው አልቻለም። ተመላሽ የሚባል ነገር ካለ መጀመሪያ የተከፈለ መኖር አለበት። አንድ ሰው ያልከፈለውን ሊመለስለት አይችልም። እነዚህ አሥራ አራቱ ተመላሾች ከሆኑ፣ ከእነሱ በፊት የገቡት አሥራ አራት ክፍያዎች የት አሉ? በሒሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ ላይ ታች ፈለገ። አንድም የለም።

ባንኩ የላከውን ዋናውን ፋይል ከኢሜይሉ አውጥቶ ከፈተ። ፋይሉን ያስላኩት ወይዘሮ አሰገደች ራሳቸው ነበሩ፤ የግብር ሰሞን ደርሶ፣ ዓወትም ለአንድ ሳምንት አዲግራት ሄዶ ስለነበር፣ ባንክ ድረስ በእግራቸው ሄደው የማረፊያው የካርድ ክፍያ ዝርዝር ለኣንዶም ይላክለት ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት የካርድ ሒሳብ ወደ መዝገቡ ገብቶ አያውቅም። ኣንዶም መስመሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከአንዱም ፊት የመቀነስ ምልክት የለም። ባንኩ ገንዘቡን የጻፈው እንደ ገቢ ነው።

ታዲያ ወጪ ያደረገው ማን ነው?

የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፈተ፣ እዚያም የራሱን እጅ አገኘ። ፋይሉን ሲያስገባ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ጠይቆት ነበር፦ ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ጥሬ ገንዘብ፣ ባንክ፣ ክሬዲት ካርድ። እንግዶቹ የከፈሉት በካርድ ነውና ኣንዶም ክሬዲት ካርድ የሚለውን መረጠ። ለፕሮግራሙ ግን ክሬዲት ካርድ ማለት ድርጅቱ ራሱ በዱቤ ዕቃ የሚገዛበት ካርድ ነው። እዚያ ውስጥ የገባ ቁጥር ሁሉ ወጪ ነው፤ ዕዳ ነው። እንግዳው የከፈለው እያንዳንዱ ብር ማረፊያው እንዳጠፋው ብር ተጻፈ። ከጎኑም ማሽኑን የነካችው ሰው መለያ፣ ኡሙሀኒ፣ ተብሎ ሰፈረ።

ኣንዶም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስለ ክሬዲት ካርድ ሒሳብ ሁለት ምዕራፍ አጥንቶ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ግን እሱም፣ ያስተማረው መምህርም፣ መምህሩን ያስተማረውም ክሬዲት ካርድ የሚባለውን ነገር በእጃቸው ይዘው አያውቁም። መጽሐፉ የተጻፈው ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት ለሚዞርበት አገር ነው። ስሙን ያውቀዋል፤ ማን በማን ላይ ዕዳ እንዳለበት ግን ቆም ብሎ አስቦበት አያውቅም።

የመዝገቡን ቅጂ አውጥቶ በቅጂው ላይ ሠራ። አሥራ አራቱን መስመሮች አወጣቸው፣ አዲስ ሒሳብ ከፈተ፣ ዓይነቱን ባንክ አለው፣ ፋይሉን እንደገና አስገባ። ሁሉም ዞሩ። የካቲት አሥራ ሁለት፣ ሃያ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ፣ ገቢ። ከኡሙሀኒ ደብተር ጋር እያመሳከረ እስከ አሥራ አራተኛው ወረደ፤ በሳንቲም አልተላለፉም። ደብተሩ እውነት ነበር።

ስልኩን አንስቶ ለኡሙሀኒ ሊደውልላት ስሟን ፈለገ። ጣቱ አረንጓዴው ላይ ሳለ ሌላ ጥያቄ መጣበትና ስልኩን መልሶ አስቀመጠ።

ገባ። ግን የት ገባ?

የማረፊያውን የባንክ ሒሳብ ስድስት ወር ሙሉ መስመር በመስመር አነበበው። ከአሥራ አራቱ አንዱም የለበትም። ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ወይዘሮ አሰገደች የካርዱ ገንዘብ ለምን እንደዘገየ ሲጠይቁ ዓወት ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ «ባንክ ይዞብናል።» ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው ይህን ሲሰማ ተነስቶ ባንክ ይሄዳል። መቐለ ውስጥ ግን ባንክ የሰውን ገንዘብ ለወራትና ለዓመታት ሲይዝ ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ማንም አልተገረመም። ወይዘሮ አሰገደችም «እስኪለቅ እንጠብቃለን» እያሉ ስድስት ወር ጠበቁ።

ኣንዶም ወደ ዋናው ፋይል ተመለሰ። ወደ ፕሮግራሙ ሲያስገባው ከላይ ያሉትን ስድስት መስመሮች ቆርጦ ነበር የጣላቸው፤ ፕሮግራሙ አርእስት አይወድም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። በዋናው ላይ ግን አሉ። የድርጅቱ ስም፣ የማሽኑ ቁጥር፣ የወሩ ክልል። በአምስተኛው መስመር ላይ ገንዘቡ የሚተላለፍበት የሒሳብ ቁጥር፤ የመጨረሻ አራት አሃዞቹ ብቻ ይታያሉ። 4471። የማረፊያው ሒሳብ በ0826 ነው የሚያልቀው።

አራቱ አሃዞች አዲስ አልሆኑበትም። ስልኩን ከፍቶ የባንክ መልእክቶቹን ወደ ታች ጎተተ። የማረፊያውን ሒሳብ ለሚሠራበት በየወሩ ለእሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ «ከ4471 ተላልፎልዎታል»፣ ላኪ ዓወት። በየወሩ። የጥርም፣ የየካቲትም፣ የሰኔም።

ውጭ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ከቀትር በኋላ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ነፋሱን ላከ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን መምታት ጀመረ፤ መብራትም ጠፋ። ኣንዶም በጨለመው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አሰበ። ማሰብ ይወዳል፣ ለመፍረድ መቸኮል አይወድም። ምናልባት ወይዘሮ አሰገደች ያወቁት ነገር ይኖር ይሆናል። ምናልባት ወንድማማቾቹ ቀድሞ የተስማሙበት ይኖራል። ሰውዬውን ሳይጠይቁ በሌላ ሰው ፊት ማንሳት ተገቢ አይደለም ብሎ አመነና፣ ከኡሙሀኒ በፊት ለዓወት ደወለ። ቆይቶ ይህን ሲያስብ የክሬዲት ካርዱ ስህተት ከዚህኛው ቀልሎ ይታየዋል።

«ኣያ ዓወት፣ በ4471 ስለሚያልቀው ሒሳብ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» አለው።

«ቢሮ ነህ?» አለ ዓወት። «እዚያው ቆየኝ።»

ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ነጩ ፒክአፕ ከብረት ሠሪዎቹ በር ላይ ቆመ፤ ኣንዶም በመስኮቱ አየው። ዓወት ደረጃውን በእርጋታ ወጣ። የረጠበ ጃኬቱን አወለቀ፣ በወንበሩ ላይ አንጠለጠለ፣ ኡሙሀኒ በጠዋት ተቀምጣበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደብተሯን አየው፤ አልነካውም።

«ከመይ ኣለኻ ሓወይ» ሲል በትግርኛ ሰላም አለው። «እናትህ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው፣ ፈጣሪ ይመስገን።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። እርስዎን ልስማ ብዬ ነው።»

«ጎበዝ።» ዓወት እጆቹን አጣመረ። «እንግዲህ ስማኝ። ወንድሜ ሲሞት ያ ቤት አራት ግድግዳ ነበር። ፍራሹ እንኳ ተወስዷል። በሩን የገጠምኩት፣ ጄኔሬተሩን ያመጣሁት፣ ማሽኑን ከባንክ ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አሰገደች ደሞዝ የሚባል አልቆረጠችልኝም፣ የቤተሰብ ነው እያለች። የወሰድኩት የራሴን ነው። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፣ ቁጭ ብለህ ብታሰላው ሳይጎድለኝ አይቀርም።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ኣንዶም። እውነቱን ነበር፤ ሊሆን እንደሚችል ታይቶታል። «ታዲያ ይህን ለምን ለኣደ አሰገደች አይነግሯቸውም? ኡሙሀኒስ? የእርስዎን ድካም እሷ ለምን ትከፍላለች?»

«ኡሙሀኒን እኔ ሌባ አላልኳትም። ያልከው አንተ ነህ።» ድምፁ አልከረረም። «ወረቀቱ የማን ነው? ፊርማው የማን ነው? እኔ ያነበብኩት አንተ የጻፍከውን ነው።»

ኣንዶም ሪፖርቱን ሳብ አድርጎ ከሥሩ ያለውን የራሱን ፊርማ አየ።

«አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው» አለ ዓወት። «ነገ ከሰዓት ማረፊያው እንገናኛለን። ፋይሉ የተበላሸ ነበር ትላለህ። አሥራ አራቱን መስመሮች ከመዝገቡ ትሰርዛቸዋለህ። ወጪም አይደሉም፣ ገቢም አይደሉም፣ የሉም። እኔ ፖሊሱን እተወዋለሁ። ልጅቱ የሁለት ወር ደሞዟን ይዛ በሰላም ትሄዳለች፤ ጨርቅ ሻጩም ሱቁን ይዞ ይተኛል። ማን ተጎዳ?»

«ባንኩ ጋ እኮ አለ።»

«ባንክ ያለው ባንክ ይሁን። አሰገደች የምታየው የአንተን ወረቀት ነው።»

«እምቢ ብልስ?»

ዓወት ተነሳ፣ ጃኬቱን አራገፈ። ጠብታው በደብተሩ ሽፋን ላይ ወረደ። «ያኔ ሰኞ ጠዋት የፈረምክበትን ወረቀት ይዤ ጣቢያ እገባለሁ። ያችም ትታሰራለች፣ መታሰሯ አይቀርም። አንተ ኋላ መጥተህ ተሳስቼ ነው ስትል አንድም ውሸታም ነህ፣ አንድም ማይም። የስድስቱን ደንበኞችህን ስም ልቁጠርልህ? ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱን ያገናኘሁህ እኔ ነኝ።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ደግሞ አንድ ነገር። እዚህ ከተማ ከዚያ ወገን መጥተው በሰላም የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ማንም ምንም አይጠይቃቸውም። ሰው መጠየቅ እንዲጀምር አታድርግ።»

ፒክአፑ ሞተሩን ሳያስነሳ ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆሞ ነበር።

ያን ሌሊት በኣንዶም ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። ነገሩን በሁሉም በኩል አገላበጠው። ቢሰርዝ ኡሙሀኒ አትታሰርም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባይሰርዝ ልትታሰር ትችላለች፣ ያውም በሱ ፊርማ። መሃል ያለ መንገድም ፈለገ፦ ገንዘቡን ሳያነሳ ስህተቱ የኔ ነው፣ ልጅቱ ንጹሕ ናት ቢል። ግን እሷን ነጻ የሚያወጣው ቃል ራሱ መልሶ ዓወት ጋ ይደርሳል። አልወጣም ካለ ገብቷል ማለት ነው፤ ገብቷል ካለ ወይዘሮ አሰገደች የት ብለው ይጠይቃሉ። አንዱን ተናግሮ ሌላውን መደበቅ አይቻልም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሓድነት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሓወልቲ ወረደ። የማረፊያው የቁርስ ክፍል ውስጥ አራቱም ቀድመውት ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አሰገደች በነጠላቸው ጫፍ መነጽራቸውን ያብሳሉ። ዓወት ከጎናቸው ነው። ኡሙሀኒና ይማም ከወዲያ በኩል፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ፣ ከጠረጴዛው ራቅ ብለው። አልጋ አንጣፊዎቹ ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያ ይዘዋል፤ የሚጠረገው ወለል ግን አላለቀላቸውም።

«ና ወደይ፣ ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «ዓወት ነግሮኛል። ያ ኮምፒዩተር ቀባጠረ አሉ።»

«ኮምፒዩተሩ አይደለም» አለ ኣንዶም፣ ላፕቶፑን እየከፈተ። ዓወት ቀና ብሎ ሲያየው ግን ቃሉን ሳይቀጥል ወደ ስክሪኑ አጎነበሰ።

«ያው ነው» አለ ዓወት ቶሎ ብሎ፣ በሳቅ። «እነዚህ የኮምፒዩተር ሰዎች ማሽን ሲበላሽ ሺህ ስም አላቸው። ፋይሉ ተበላሽቷል፣ መስመሮቹ ይሰረዛሉ፣ አለቀ። ኡሙሀኒም ይቅርታ ተደርጎልሻል፤ የሁለት ወር ደሞዝሽ እዚህ አለ።» ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገ። ከፖስታው ጋር አንድ ወረቀት። «ይቅርታ ተደርጎልኝ ደሞዜን ተቀበልኩ፣ ክርክር የለኝም፣ ይላል። ፈርሚና በሰላም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ይማም፣ ከአንጀቱ። ትከሻው ሲወርድ ኣንዶም አየ። ሰውዬው በሦስት ቀን ውስጥ አርጅቷል።

ኡሙሀኒ ወረቀቱን ስባ አነበበች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ከዚያ ቀና አለች።

«ይቅርታ ይላል» አለች። «ይቅርታ የሚደረገው ምን ላደረገ ሰው ነው?»

«ኧረ ልጄ፣ ቃል አትሰንጥቂ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። በድምፃቸው ውስጥ ድካም ነበር። «እኔ እንኳ ልቤ አላመነውም ነበር።»

«ልብዎ ካላመነው ለምን ልሄድ ነው እትዬ?»

ወይዘሮ አሰገደች መልሱን ከሱ እንደሚጠብቁ ዓይናቸውን ወደ ዓወት መለሱ።

«ፈርሚ በቃ፣ የኔ ልጅ» አለ ይማም በሹክሹክታ። «እኛ የምንፈልገው ሰላም ነው። ሌላ ቤት ሥራ ታገኛለሽ።»

«የት ቤት ጋሽ ይማም? የቀድሞ ቀጣሪሽ ለምን ለቀቀችሽ ሲሉኝ ምን ልበል? ይቅርታ አድርገውልኝ ነው ልበል?» ኮሪደሩ ላይ ወደቆሙት ሴቶች አገጯን ቀሰረች። «እነዚያን ያዩአቸዋል? ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ በላን። ሐሙስ ዕለት ቦርሳዬን ፈተሹት። አልተናደድኩባቸውም፤ ተነግሯቸው ነው። አሁን ይህን ስፈርም ግን ልክ ነበሩ ማለት ነው።» ወረቀቱን ወደ ዓወት መለሰችው። «አልፈርምም። የተሰረዘው ምን እንደነበረ መጀመሪያ ይነበብልኝ።»

«ልጅቱ ሰላም አትወድም» አለ ዓወት፣ ለወይዘሮ አሰገደች። ፈገግታው ጠፍቷል። «እንግዲያው ሰኞ ይሁን። የሚያነቡላት እዚያ አሉ።»

ይማም ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨመቀው። ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያው ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። ወደ ኣንዶም ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አንተ የተማርክ ነህ። በፊቴ ሰርዘውና ይውጣልኝ። መስመሩ ከጠፋ ክሱም ይጠፋል፤ እሷም ተረጋግታ ትፈርማለች። እባክህ ወደይ፣ ይህን ቤት ገላግለኝ።»

ኣንዶም ላፕቶፑን ተመለከተ። አሥራ አራቱም መስመሮች ተመርጠው ሰማያዊ ሆነዋል፤ ፕሮግራሙ አንዴ ከተሰረዙ እንደማይመለሱ አስጠንቅቆ አዎ ወይም አይ እንዲለው ይጠብቃል። ዓወት ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛው፤ ዓይኑ ግን ከኣንዶም ጣት አልተነሳም። ከውጭ የመጀመሪያው የነፋስ ምት መስኮቱን አንገጫገጨው።

ኣንዶም የስድስቱን ደንበኞቹን ስም በልቡ ቆጠረ። የእናቱን የቤት ኪራይ አሰበ። ሰኞ ጠዋት ኡሙሀኒ ጣቢያ በር ላይ ከየት ነሽ ስትባል ታየችው፤ ይህ አሁንም ሊቀር የሚችል አልነበረም፣ ምንም ቢል። ቢሰርዝ ግን የሌብነቱ ስም መቼም ከላይዋ አይወርድም።

ላፕቶፑን አዞረና ፊቱን ወደ ወይዘሮ አሰገደች አደረገው።

«ኣደ አሰገደች፣ አልሰርዘውም» አለ፤ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ። «ፋይሉ አልተበላሸም፤ አበላሽቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኡሙሀኒ አንዲት ሳንቲም አላወጣችም፣ አስገባች እንጂ። ይህን በፊርማዬ ጽፌ አሁኑኑ እሰጣታለሁ። ገንዘቡ ማን ጋ እንደገባም ማንም ከዚህ ሳይነሳ እነግርዎታለሁ።»